ለግዢ ክፍል፣ ከኬሚካል መጋዘን

ጉዳዩ፦ የማስቀመጫ ዕቃ ስለ መምረጥ

አቶ ስንሻው፣ የሰበሰቡት ሦስት ፕሮፎርማ ደርሶኛል፤
«ርካሹን መርጠህ ፈርም» የሚል ማስታወሻም አብሮ መጥቶልኛል።
ስክሪብቶዬ ግን መስመሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ይዝላል።

እርስዎ የሚገዙት ዕቃ፣ እኔ የምጠይቅዎ ሆድ፣
የተሰጠውን የሚችል፣ የማይተረተር፣ የማይነድ።
ሆድ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ለሁሉ አይሆንም አንድ።

ኮስቲክ ሶዳን ይዩት፦ ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል፤
አልሙኒየም ካገኘ ግን እየተንተከተከ ይበላል፤
የቆርቆሮውን በርሜልም ቢሆን ልባሱን ግጦ ይጥላል።
ለሱ ወፍራሙ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው የሚበጀው፤
ስሱንማ እዚሁ ግቢ፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ነው የሚፈጀው።

ፐርኦክሳይድ ትንፋሽ አለው።
አፉን ጥርቅም አድርገው ቢዘጉት፣ ሲያብጥ ከርሞ ዝም ብሎ፣
አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳይነካው፣ ይወጣል ሆዱን ገንጥሎ።
ክዳኑ ላይ ጠባብ መተንፈሻ ይኑረው፤
ሰውንም ቢሆን ይፍሩት፣ ዝምታ ሲያሳምረው።

ሃይድሮስ የሱ ተቃራኒ ነው፤ ነፋስም ጠልም አይሻ፤
ነሐሴ ላይ ጣራችን ሲያፈስ፣ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች ለመነሻ።
ውሃ የሚለኩሰው እሳት አይተው ያውቃሉ?
ጦይባ ከላብራቶሪ አይታለች፤ የግራ ቅንድቧ እስካሁን አልበቀለም።

አሲድና ሶዳን ደግሞ አንድ መደርደሪያ ላይ አያጎራብቱብኝ፤
ሰው እንኳ ቤት ሲከራይ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ርካሹ።
ሦስተኛው ፕሮፎርማ፦ ያገለገለ የዘይት ጀሪካን፣ ቢጫ፣
ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ፤ መቶ ሃምሳ ፍሬ፤ ማጓጓዣን ጨምሮ።
ናሙናውን አየሁት። ንጹሕ ነው። አያፈስም።
ጎኑ ላይ ግን የሱፍ አበባ ታትሞበታል።
የሚያስፈራኝ አበባው ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ፓምፑ ቆመ። ማቅለሚያ ክፍል ሶዳ ፈለገ፣ አንድ ሊትር ብቻ።
መቅጃ ጠፋ። አንድ ሰው በሃይላንድ ቀዳና፣
ለአምስት ደቂቃ ብሎ፣ መስኮቱ ሥር አኖረው።
ሙሄ ከቦይለር ወጣ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጉሮሮው ደርቆ።
ሃይላንዱ ላይ የተጻፈው «ውሃ» ነው።
ሙሄ ማንበብ ይችላል።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ እጄን ጨብጦኝ ነበር፤
ደሴ እስክንገባ አንድ ቃል አልወጣውም።
ዳነ። ዛሬም ምግቡ አጥሚት፣ ዛሬም ድምፁ ሹክሹክታ።
ቃለ ጉባኤው «ማንነቱ ያልታወቀ ሠራተኛ» ይላል፤
ፋይሉ እርስዎ ቢሮ፣ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።
ያልታወቀው ሠራተኛ እኔ ነኝ።
ሆድ ይፍጀው አልኩ።
ፈጀው።

ስለዚህ አበባ ያለበት ዕቃ አልፈርምም፤
ምግብ ምግብ፣ ውሃ ውሃ የሚል ዕቃ ከደጄ አያልፍም።
ስሙ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤
ማንበብ ለማይችል ደግሞ የራስ ቅል ይሳልበት።

ባዶዎቹን በርሜሎችም እበሳቸዋለሁ።
ቧንቧ በጠፋ ሰሞን ከበርበሬ ወንዝ ሴቶች ይመጣሉ፤
«አንዱን ብትሰጠን ምናለበት? ታጥቦ ውሃ ይይዝልናል» ይላሉ።
ፊታቸው እበሳዋለሁ፤ ታቹን፣ ሦስት ቦታ።
ባለፈው አንዷ «እንዲህ ያለ ክፉ!» ብላኝ ሄደች፤
እውነቷን ነው፣
ምክንያቱን ግን አታውቅም።

የመጀመሪያውን ፕሮፎርማ ፈርሜያለሁ፤ ውዱን።
ልዩነቱ ከደመወዝህ ይቆረጥ ቢሉኝም አልከራከርም።

ከሰላምታ ጋር
አደም ገበየሁ
መጋዘን ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለደኅንነት ክፍል
ለሙሄ አብዬ፤ ማንበብ ይችላል።